ማገጥ ብቻ የበላች ጎሽ

ነዚራን ቆርቆሮውን ይዛ ስትደርስ የታሰረችው ጎሽ ሽንት ግማሹ መሬት ላይ ፈስሶ ነበር። የቀረውን ተቀበለችው። ከዳሱ ወጥታ ወደ ፀሐይ ያዘችና ቆርቆሮውን ዘንበል አድርጋ አየች። ቀይ ነው። ጠርዙ ላይ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ምድጃ ላይ የተረሳ ሻይ ይመስላል።

«በሩን ዝጊው» አለች።

ምራቷ ሸጉፍታ ሊጡን ትታ ከማድቤት ወጣች። እጇ እስከ አንጓዋ ዱቄት ነው። «ምን ሆነ እማ?»

«በሩን ዝጊው አልኩሽ። መወርወሪያውንም።»

ሸጉፍታ ዘግታ ተመለሰች። ቆርቆሮው ውስጥ አየችና ወደ ኋላ አለች።

«ደም ነው?»

«ዝም በይ።»

«እማ፣ ደም ነው እኮ!»

«ሙቀት ነው። የሆድ ሙቀት። ጠዋት የተናጠውን አሬራ አምጪ። ሁሉንም።»

«ለምሳ የሚሆነውንስ?»

«ሁሉንም አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ! ጆሮሽ ውስጥም ሊጥ አለ እንዴ?»

ሸጉፍታ ሮጠች። ነዚራን ቆርቆሮውን ግድግዳው ሥር ደፋችው። ከምድጃው አመድ ዝቃ በላዩ በተነችበት። ጎሿ የሸናችበት ቦታ ላይም በተነች። ስትቸኩል የአመዱ ግማሽ ቀሚሷ ላይ ቀረ።

ጎሿ ቢሊ ትባላለች፤ ድመት ማለት ነው። ዓይኖቿ እንደ ድመት ዓይን የነጡ ስለሆኑ ነው እንደዚያ የተባለችው። ግንባሯ ላይ ነጭ አላት፤ አራቱም እግሮቿ ከሰኮናቸው በላይ ነጭ ናቸው። በራቪና በሱትለጅ ወንዞች መሃል እንዲህ ያለች ጎሽ ያለው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ይሄዳል። ቢሊ አሥረኛ ወሯን ይዛለች። ለመውለድ ሁለት ሳምንት ያህል ቀርቷታል።

አሬራው መጣ። ነዚራን የአፍንጫዋን ገመድ ሳብ አድርጋ አንገቷን ቀና አደረገችና በጠርሙስ እየሞላች በአፏ ጥግ አፈሰሰችላት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቢሊ ጠርሙሱንም ሴትየዋንም ጥላ ትሄድ ነበር። አሁን ዝም ብላ ቆመች። የዋጠችውን ዋጠች፤ የቀረው በደረቷ ወረደ። ነዚራን ከሽንቱ ይልቅ የፈራችው ይሄንን ነው።

ጆንያ ነክራ ጀርባዋ ላይ ጣለችላት። ከዚያ ማጭዷን ይዛ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ማሳ ሄደች። የካቲት ነው፤ ለከብት መኖ የተዘራው ማገጥ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ጤዛው ገና አልደረቀም። አንድ ሸክም አጭዳ አመጣችና ገንዳውን እስከ አፉ ሞላችው። ማገጥ ቀዝቃዛ ነው። ሙቀት ያለባት ጎሽ ማገጥ ትብላ። ይህን ሕግ ለመንደሩ ሁሉ ያስተማረችው ራሷ ነች።

ነዚራን ወደዚህ መንደር፣ ወደ ቸክ 38፣ የመጣችው በአሥራ ሰባት ዓመቷ ተድራ ነው። ባሏ ጉላብ ዲን ከአምስት ዓመት በኋላ ትራክተር ከነተጎታቹ ቦይ ውስጥ ሲገለበጥ ሥሩ ቀረ። የአራት ዓመት ልጅና አንዲት ሴት የጎሽ ጥጃ ትቶላት ነው የሄደው። መሬቱን የባሏ ወንድሞች ያርሱታል፤ ለሷ የተውላት ከቤቱ ጀርባ ያለችውን ቁራሽ ብቻ ነው። ጥጃዋን ግን ማንም አልጠየቃት። ጥጃዋ አደገች፣ ወለደች፣ የወለደቻትም ወለደች። የጣሪያው ሸክላ፣ የልጇ ሠርግ፣ የሸጉፍታ አልጋ፣ ሁሉም ከዚያች ዘር በወጣ ወተት የተሠራ ነው። ሌሎቹ በየጊዜው ተሸጠው አልቀው የቀረችው ቢሊ ብቻ ናት። ልጇ የጭነት መኪና ይዞ በካራቺ መንገድ ላይ ይኖራል ማለት ይቀላል። ቢሊ ከሞተች ነዚራን በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ከባሏ ወንድሞች ደጅ ቂጣ የምትጠብቅ ሴት ትሆናለች። ይህን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

የጎሽ ነገር የተማረችው ከአማቷ ነው። ጥጃ በእግሩ ሲመጣ እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ ማዞር ትችላለች። በአርባ ዓመት ውስጥ ከመንደሩ ጥጃዎች ግማሹን ያወጣችው እሷ ነች። የምታምጥ ጎሽ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሷን በር ነው። ከአማቷ የወረሰችው አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ጎሽ ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት ከነጠፈች በኋላ ፋጉሎም ፉርሽካም ይቋረጥባታል። ወተት አትሰጥም፣ ስለዚህ አትበላም። ደግሞም ፋጉሎ የበላች እርጉዝ ጥጃውን ታገዝፈዋለች፤ ግዙፍ ጥጃ አይወጣም፤ እናትና ልጅ አብረው ይሞታሉ። አማቷ እንዲህ ሆና የሞተች ጎሽ በዓይኗ አይታለች። እስክትወልድ አረንጓዴ ብቻ። ይኸው ነው ሕጉ።

አማቷ ይህን ስትል የነጠፉ ጎሾች ወንዝ ዳር ይሰማሩ ነበር። ያገኙትን ይበላሉ፤ ሣሩን፣ ቅጠሉን፣ የበቆሎ አገዳውን፣ ማታ ደግሞ የእህል እጣቢውን። አሁን ወንዝ ዳሩ ታርሷል። የነጠፈች ጎሽ ካስማዋ ላይ ታስራ ትውላለች፤ በብርዱ ወራት ገንዳዋ ውስጥ ያለው ማገጥ ነው፤ ጠዋትም ማገጥ፣ ማታም ማገጥ። ሕጉ ግን አልተለወጠም።

ቀትር ላይ ባግ አሊ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። የነዚራን ባል የአጎት ልጅ ነው፤ ስልሳ አልፎታል። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ሳይቀልድባት የዋለበት ቀን የለም። አጥሩ ከሱ ግቢ በኩል ከፍ ስለሚል አልጋው ላይ ቆሞ ነው የሚያወራት።

«እትዬ! በጠራራ ፀሐይ በር የዘጋሽው ባል ልታገቢ ነው እንዴ?»

«ያንተን ፊት ላለማየት ነው።»

«ይኸው በአጥር መጣልሽ። ፊቴን ለማየት ሰው ከላሆር...» ድምፁ ቆመ። እርጥቡን ጆንያ አየ። አመዱን አየ። ገንዳው ሙሉ እንደሆነ፣ ጎሿም ራሷን ደፍታ እንዳልነካችው አየ።

«ቀይ ነው?» አለ።

«ሙቀት ነው።»

«የካሊም ሙቀት ነው ብለሽኝ ነበር።»

ካሊ ከሁለት ዓመት በፊት የሞተች ጎሹ ነበረች። በአምስተኛው ቀን ነው የሞተችው፤ ጥጃው ሆዷ ውስጥ እንዳለ።

«አንተ ዘግይተህ ነው የነገርከኝ» አለች ነዚራን።

«በዚያው ቀን ነው የነገርኩሽ። አሬራ አልሽኝ፣ አሬራ ጋትኳት። ጆንያ ንከር አልሽኝ፣ ነከርኩ። ማገጥ ጨምር አልሽኝ፤ እስከ ቀንዷ ከመርኩላት። ምን አጎደልኩ እትዬ? ንገሪኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳስበው የኖርኩት ነገር ነው።»

«የአላህ ፈቃድ ነው።»

«የአላህ ፈቃድ መሆኑንማ አውቃለሁ። ዶክተሩን ጥሪው።»

«የትኛውን? ባለ ሞተር ሳይክሉን?»

«እሱን ነዋ። ሌላ ዶክተር አለን?»

«ውረድ ከአልጋው፤ ይሰበርብሃል።»

ባግ አሊ ወረደ። ነዚራን ግን አጥሩን እያየች ቆመች።

ዶክተሩን የማትጠራበት ምክንያት ነበራት። ባለፈው መስከረም የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ሰጊር ወደ መንደሩ መጥቶ ዛፍ ሥር ሰው ሰብስቦ ነበር። እርጉዝ ጎሽ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ፋጉሎ፣ ፉርሽካና የማዕድን ጨው ትብላ አለ። ነዚራን ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። «ልጄ፣ ለመሆኑ አንተ ስንት ጎሽ አዋልደሃል?» አለችው። ዶክተሩ ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ «ወተት ለማትሰጥ ጎሽ ፋጉሎ የምትመግብ ከሆነ ለሞተው ባሌም እራት አቅርብልኝ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ወንዶቹም ሳቁ። ዶክተሩ ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ። በዚያው ሳምንት አራት ሴቶች የነጠፉ ጎሾቻቸውን ምን እንደሚያበሉ ሊጠይቋት መጡ። ማገጥ አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ ቢሊ ሁለት ጊዜ ሸናች። ሁለቱንም ጊዜ ነዚራን በቆርቆሮ ተቀበለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የጠቆረ ነው። በመጨረሻው ብርሃን የጎሿን የልብ ምት አዳመጠች፤ ጆሮዋን ደረቷ ላይ ማድረግ አላስፈለጋትም፤ አንድ ክንድ ርቃ ቆማ ይሰማት ነበር። አንገቷ ሥር ያለው ትልቁ የደም ሥር እየዘለለ ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየችው። ያየችው በካሊ ላይ ነው።

ሸጉፍታ እራት አቀረበች። ነዚራን አልበላችም።

ጠዋት ቢሊ አልተነሳችም።

ነዚራን ጭራዋን ጠመዘዘች፣ ጎኗን መታች፣ በስሟ ጠራቻት። ጎሿ የፊት እግሮቿን ሰብስባ ሞከረችና መልሳ ተቀመጠች። ገንዳው ውስጥ ያለው ማገጥ እንደ ትናንቱ ነው፤ ሞቆ መሽተት ጀምሯል። እበቷ ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ነዚራን ተንበርክካ ከንፈሯን ገልበጥ አደረገች። ድዷ ነጭ ነው። የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ሳበች። የጤነኛ ጎሽ የዓይን ሥር ቀይ ይሆናል። የቢሊ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ደሟ የት ሄደ? ሽንቷ ውስጥ ነው። ሌላ የት ይሄዳል።

ጉልበቷ ላይ እንዳለች፣ «ሸጉፍታ» አለች።

«አቤት እማ።»

«ደውይ።»

«ለማን?»

«አታስለፍልፊኝ። ለማን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ሸጉፍታ ስልኩን ከጉያዋ አወጣች። ቁጥሩ ተጽፎ ተዘጋጅቷል። ከትናንት ጀምሮ ተዘጋጅቶ እንደነበር ነዚራን ገባት።

ዶክተር ሰጊር የደረሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሌላ መንደር ነበር። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ነዚራን ከጎሿ ራስ አጠገብ አልተነሳችም። ትንፋሿን ትቆጥራለች። ሲፈጥንም ትፈራለች፤ ሲዘገይም ትፈራለች። አንድ ጊዜ ቢሊ ዓይኗን ስትከድን ነዚራን በጥፊ መታቻት።

ሞተር ሳይክሉ ሲሰማ ሸጉፍታ መወርወሪያውን አነሳች። ከዶክተሩ ኋላ ባግ አሊ ሳይጠራ ገባ።

ዶክተሩ አርባ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነው። አላወቃትም፤ ወይም ያላወቀ መሰለ። መጀመሪያ ሽንቱን ጠየቀ። ሸጉፍታ ቆርቆሮውን ሰጠችው። በጠርሙስ ቀድቶ ወደ ብርሃን ያዘው። ጥቁር ቡና ይመስላል። ከዚያ ዓይኗን፣ ድዷን፣ ልቧን አየ። ትኩሳት ለካ።

«ትኩሳት የላትም» አለ። «መቼ ነው የነጠፈችው እናቴ?»

«ሁለት ወር ሊሞላት ነው፣ ዶክተር ሳሂብ።»

«ከዚያ ወዲህ ምን በላች?»

«ማገጥ።»

«ሌላስ?»

«ማገጥ።»

«ገለባ?»

«በብርዱ ወራት ማን ገለባ ይሰጣል? ማገጥ እያለ።»

«ፉርሽካ፣ ፋጉሎ፣ ጨው?»

ነዚራን መሬት መሬት አየች። «አቋረጥኩባት።»

«ትናንት ሽንቷ ሲቀላ ምን አደረጋችሁ?»

«አሬራ።»

«ምግብስ?»

«ማገጥ ጨመርኩላት» አለች።

ዶክተሩ አልተቆጣም። ቦርሳውን እየከፈተ ተናገረ፤ ለነዚራን ብቻ ሳይሆን በበሩ ለቆመውም ጭምር። «ማገጥ መጥፎ አይደለም። ግን ብቻውን አይበቃም። ፎስፈረስ የሚባል ነገር አለ፤ በማገጥ ውስጥ ያለው ጥቂት ነው፤ በፉርሽካና በፋጉሎ ውስጥ ብዙ አለ። ጥጃው አጥንት የሚሠራው በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ነው። ከየት ያመጣል? ከእናቱ ይወስዳል። እናትየዋ ጋ ሲያልቅ ደሟ መፍረስ ይጀምራል። ቀዩ ነገር እሱ ነው። ሙቀት አይደለም።»

«ስለዚህ ማገጥ መጨመር...» አለ ባግ አሊ ከበሩ።

«ምንም አይመልስላትም። ሌላ ምግብ የምትበላበትን ቦታ ይሞላባታል እንጂ።»

ነዚራን የባግ አሊን ፊት ላለማየት የቢሊን ጆሮ ያዘች። ጆሮው ቀዝቅዟል።

ዶክተሩ የፎስፈረሱን ጨው በንጹህ ውሃ በጥብጦ አንገቷ ላይ ባለው የደም ሥር ቀስ እያለ ሰጣት። ሲጨርስ እንደገና የዓይኗን ቆብ አየ። ራሱን ነቀነቀ።

«መድኃኒቱ ከዚህ በኋላ የሚፈርሰውን ያቆማል። የፈረሰውን ግን አይመልስም። የቀራት ደም ሁለት ሕይወት የሚያኖር አይመስለኝም። ደም እንስጣት። ጤነኛ ጎሽ ካለች ሦስት ሊትር ያህል እቀዳለሁ።»

«ከጎሽ ደም?» አለች ሸጉፍታ።

«ከጎሽ ለጎሽ። የምትታለብ፣ ደህና የምትበላ፣ ጠንካራ ጎሽ።»

በዚያ ሰፈር እንዲህ ያለች ጎሽ የነበረችው አንድ ሰው ጋ ነው። ሁሉም ያውቃል። ከካሊ በኋላ ባግ አሊ በሁለት ዓመት የቆጠበውን ሰጥቶ ጉሪን ገዝቷል። ጉሪ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ሌላ የለውም።

ነዚራን ተነሳች። ጉልበቷ ላይ እበት አለ። ወደ በሩ ሄደች።

«ባግ አሊ።»

በአርባ ዓመት ውስጥ ቀልድ ሳታስቀድም በስሙ ጠርታው አታውቅም።

«ካሊን የገደልኳት እኔ ነኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአሁን ጀምሮ። ዶክተሩ ሲናገር አብረን አልሰማንም እንዴ?»

«እና?»

ባግ አሊ ጥምጥሙን ፈትቶ ፊቱን ጠረገ። ብርድ ነበር፤ ላቡ ግን ወርዶታል። «ጉሪ ብትሞትስ?» አለ። ጥያቄው ለዶክተሩ ነው።

«አትሞትም። ሦስት አራት ቀን ወተቷ ይቀንሳል። ደህና አብላት።»

«ካሊም አትሞትም ተብዬ ነበር።»

ዶክተሩ ሰዓቱን አየ። «ጊዜ የለንም አባቴ።»

ነዚራን እጁን ልትይዝ ፈለገች፤ አልያዘችም። መለመን የማታውቅበት ነገር ነው። «ጉላብ ዲን በሕይወት ቢኖር...» ብላ ጀመረች።

«የሞተ ሰው አትቀስቅሽብኝ» አለ ባግ አሊ። ጥምጥሙን መልሶ ጠመጠመ። «አመጣታለሁ። ግን ልንገርሽ እትዬ፣ ይቺም ብትሞትብኝ ካስማው ላይ የማስረው አንቺን ነው። ማገጥ ብቻ ነው የማበላሽ።»

ሄደ። ነዚራን የበሩን መቃን ይዛ ቆየች።

ጉሪ እየተጎተተች መጣች። ዶክተሩ ከሁለቱም ጎሾች ጥቂት ደም ወስዶ በመስታወት ቁራጭ ላይ ቀላቅሎ አየው፤ አልረጋም። ከዚያ የጉሪን አንገት በገመድ አሰረና መርፌውን አስገባ። ደሙ በቱቦ ወርዶ የላስቲኩን ከረጢት መሙላት ጀመረ። ባግ አሊ ፊቱን አዞረ። «ጎሽ ነው የማረባው፤ ደም ማየት አልችልም» አለ። ማንም አልሳቀም።

ከረጢቱ ሞላ። ዶክተሩ በዳሱ ቋሚ ላይ ሰቅሎ ቱቦውን ወደ ቢሊ አንገት አስገባ።

«መጀመሪያ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው» አለ። «ከተንቀጠቀጠች ንገሩኝ። ካልተስማማት የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።»

አምስት ደቂቃ ያህል ምንም አልሆነም። ከዚያ ቢሊ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከትከሻዋ ጀመረና እስከ ታፋዋ ሄደ። ቆዳዋ ዝንብ እንደወረረው ይርገበገባል። ሸጉፍታ ጮኸች። ዶክተሩ ቱቦውን ቆልምሞ ያዘና ደሙን አቆመ።

«ሞተች?» አለች ነዚራን።

«አልሞተችም። ዝም በሉ።»

መርፌ አወጣና ወጋት። ጣቱን አንገቷ ላይ አድርጎ ቆጠረ። ነዚራን ዓይኗን ከጣቱ አላነሳችም። ጸሎት ልታደርስ ብትሞክር የምታውቀው ሁሉ ጠፋባት፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የመጣላት፣ እሱኑ ደጋገመችው። መንቀጥቀጡ ለቀቅ አለ፣ መጣ፣ እንደገና ለቀቅ አለ። ዶክተሩ ቱቦውን በጠብታ ከፈተው።

«ስንት የነጠፈች ጎሽ አለች በዚህ መንደር?» አለ ከረጢቱን እያየ። ጥያቄው እሷን ለማዘናጋት ይሁን የምር አልታወቀም።

ነዚራን በጣቷ ቆጠረች። «አራት።»

«ምን ይበላሉ?»

ነዚራን ሸጉፍታን በቀሚሷ ይዛ ወደ በሩ ወሰደቻት።

«አራቱም ቤት ሂጂ። የሃኪማን፣ የቡድሂ ቤት፣ የወፍጮው ቤት፣ የሱግራን ቤት። ፉርሽካና ፋጉሎ ዛሬውኑ ይጀምሩ በይ። ገለባም ይቀላቅሉ። ሽንት ይዩ። ከቀላ ለዶክተሩ ይደውሉ።»

«ለምን ካሉኝስ? ማን አለ ካሉኝ?»

«እኔ አልኩ በይ።»

«እማ፣ ማገጥ ብቻ ያሉት እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ—»

«ነዚራን ተሳስታለች በይ።»

ሸጉፍታ አማቷን አየቻት። ለአራት ዓመት አብራት ስትኖር ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም።

«እንደዚሁ ልበል?»

«እንደዚሁ በይ። ቶሎ። ሻይ ጠጪ ካሉሽ እንዳትቀመጪ።»

ሄደች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰች። ሦስቱ ቤቶች ሰምተዋል። ሱግራን ግን፣ «አማትሽ አርጅታለች፤ እኔ ጥጃዬ ሆድ ውስጥ ገዝፎ እንዲቀር አልፈልግም፤ ይህንንም ያስተማረችኝ ራሷ ናት» ብላ መልሳታለች። ነዚራን ሰምታ ወደ ቢሊ ተመለሰች። ከረጢቱ ሊያልቅ ነበር።

ዶክተሩ ዕቃውን ሰበሰበ። ማገጡን ከገንዳው አስወጣ። በውሃ የራሰ ፉርሽካና ትንሽ ፋጉሎ ትብላ አለ፤ በውስጡ የሚቀላቀል ጨውም በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠ። ነገ ጠዋት ሌላ መርፌ እሰጣለሁ አለ።

«ትድናለች?» አለች ነዚራን።

«እስከ ነገ ከቆየች።»

«ጥጃውስ?»

«እሱን አሁን አልነግርዎትም እናቴ። አላውቅም።»

ሞተር ሳይክሉን አስነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና፣ «ዘጠና ሰባት» አለ።

«ምን?»

«ያዋለድኳቸው። በመስከረም ጠይቀውኝ ነበር።»

ሄደ። ባግ አሊ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ነዚራን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ትሳቅ ታልቅስ አልታየም።

በነጋታው ቢሊ ተኝታ ሸናች። ነዚራን ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን ለማውጣት ጊዜ ወሰደባት። ስታወጣው ቀላ ያለ ሻይ ነው፤ ቡናው ሄዷል። ሰው አልጠራችም። ለራሷም ደህና ነው አላለችም። ቆርቆሮውን አጥባ አስቀመጠች፤ ቀትር ላይም ተቀበለች፤ ማታም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽንቱ የገብስ ቀለም ያዘ። በዚያው ቀን ቢሊ የኋላ እግሮቿን አነሳች፣ ተንገዳገደች፣ ቆመች። ፉርሽካውን በልታ ገንዳውን ላሰች። ነዚራን ያኔም የአንገቷን ሥር እየተመለከተች ነበር፤ ይዘላል ወይስ አይዘልም እያለች።

ፍርሃቷ አልለቀቃትም። የቢሊ ሆድ ላይ እጇን አሳርፋ ጥጃው እስኪራገጥ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አይራገጥም። ባግ አሊ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለ፣ «ዶክተሯ፣ ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ይላል። «ያንተ ጥርስ ቀለም ነው» ትለዋለች። እሱ ይወርዳል፤ እሷ እጇን መልሳ ታሳርፋለች።

ቢሊ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ወለደች። እንግዴ ልጁ አልወጣም፤ ዶክተር ሰጊር በማግስቱ መጥቶ በእጁ አወጣው። ጥጃዋ ሴት ነበረች፣ ከወትሮው ያነሰች፤ ለመቆም ግማሽ ቀን ፈጀባት። ባለፈው ዓመት በቀን አሥራ አንድ ሊትር ትታለብ የነበረችው ቢሊ በዚያ ዓመት ከስድስት አልበለጠችም።